ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፍ፤ ያሰረው ሌላ፥ የታሰረው ሌላ

ምስጋና የበዛበት መጽሐፍ እንደ ታላቅ ሰው ልጅ ነው። ሰው ሁሉ አባቱን አስቦ ያከብረዋል እንጂ ልጁን ራሱን ቀርቦ የሚመረምረው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ዘግይቶ የሚያነብ ሰው ሁለት ፈተና ያገኘዋል። አንደኛው፥ ሰው ሁሉ ያመሰገነውን እኔም ላመስግን ብሎ ሳይመረምሩ ማድነቅ ነው። ሁለተኛውም፥ ከሰው የተለየ ዐዋቂ ለመባል ሲሉ የተመሰገነውን ሁሉ መንቀፍ ነው። ሁለቱም ከፍርድ የራቁ ናቸውና የሚሻለው መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ፥ የሚመሰገነውን ማመስገን፥ የሚነቀፈውንም በአክብሮት መንቀፍ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የደረሱት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ወጋየሁ ንጋቱም በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ሰምቶታል። በቅርቡም በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል። ስለዚህ «ይህን መጽሐፍ ገና አላነበብኸውምን?» የሚለው ጥያቄ ከሹማምንቱም ከካህናቱም አፍ የሚጠፋ አይደለም። እኔም ሰሞኑን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ፈጸምሁ። በፈጸምሁም ጊዜ ልቤ በሁለት ተከፈለ፤ ከፊሉ አመሰገነ፥ ከፊሉም ተከራከረ። የምስጋናውንና የክርክሩን ነገር በየተራው ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ደራሲው ጥቂት መናገር ይገባል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን አባት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የዘመኑን ትምህርት ጨመሩበት። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ኋላም ተማርከው በኢጣሊያ አገር ለብዙ ዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ፥ በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት አገራቸውን አገለገሉ። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በስማቸው የሚጠራ የባህል ጥናት ተቋም አለ። ይህን የማስታውሰው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ ቤተ ክህነቱንና ቤተ መንግሥቱን ሲወቅስ፥ ወቀሳው በሁለቱም ቤት አድጎ ሁለቱንም በሚያውቅ ሰው አፍ የተነገረ ነው። ከደጅ ቆሞ ድንጋይ የሚወረውር ሌላ ነው፤ የቤቱን ምሰሶ ምስጥ እንደ በላው አይቶ የሚናገር የቤት ልጅ ግን ሌላ ነው።

የታሪኩም ፍሬ ነገር ይህ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የተባሉ የማንኩሳ ባልና ሚስት ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ በዛብህ የሚባል ልጅ ያገኛሉ። ልጁ በሕይወት እንዲያድግላቸው ከመጓጓታቸው የተነሣ፥ ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ለእግዚአብሔር ይሳላሉ። ልጁ አድጎ በትምህርቱ በረታ፤ በዲማ ጊዮርጊስም የታወቀ ባለ ቅኔ ሆነ። በዚያ አገር ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባላባት ነበሩ። ፊታውራሪው የዘራቸውን ትልቅነት ሲቈጥሩ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ከማጣታቸው የተነሣ፥ ጠያቂውን ሁሉ እየመለሱ ልጂቱን በቤት አስቀሯት። በዛብህ ፊደልና ንባብ ሊያስተምራት በገባ ጊዜ ሁለቱ ተዋደዱ። ነገሩ ሲታወቅ እርሱ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ እርስዋም መልኳንና ልብሷን ለውጣ ልትፈልገው ወጣች። ፍጻሜውንም አርእስቱ አስቀድሞ ይናገራል።

አሁን ወደ ምስጋናው ልምጣ። የመጀመሪያው ምስጋና የቋንቋው ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገሩት ሰዎች ሁሉ እንደ ማዕርጋቸውና እንደ ሙያቸው ይናገራሉ። ገበሬው እንደ ገበሬ፥ ደብተራው እንደ ደብተራ፥ ባላባቱ እንደ ባላባት፥ እመቤቲቱም እንደ እመቤት ትናገራለች። የጎጃምን ደጋ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው የልቅሶውን ዜማ፥ የግብሩን አቀራረብ፥ የሽማግሌውን አገባብ፥ የአማላጁን ምላስ ሁሉ በዦሮው የሚሰማ ይመስለዋል። በተለይም የአብነት ተማሪ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ምግቡን እየለመነ፥ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር የሚያገኘውን ረኃብና ናፍቆት፥ ደግሞም ቅኔው የተሳካለት ዕለት የሚሰማውን ደስታ ያወቀ ሰው፥ የበዛብህን የልጅነት ምዕራፎች ያለ እንባ ለማንበብ ይቸገራል። ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማና ደብረ ኤልያስ ስማቸው በሊቃውንት ዘንድ ሲጠራ ኖሯል፤ ነገር ግን በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚያልፈውን ልጅ የልብ ሐሳብ ወደ ልብ ወለድ ያገቡት እኒህ ደራሲ ናቸው ብል አላጋነንሁም።

ሁለተኛው ምስጋና የሐሳቡ ነው። የጎጃም ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ሰሙን ከወርቁ መለየት ልማዱ ነውና እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ሲያመሰግኑልኝ የሰማሁት የሁለት ወጣቶች ፍቅር ታሪክ ነው እያሉ ነበር። ይህ ግን ሰሙ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙንና ወርቁን ባንድነት የሚሸከም አንድ ማሰሪያ አንቀጽ አለ፤ የዚህንም መጽሐፍ ማሰሪያ አንቀጽ አንድ ቃል ምረጥ ብባል «ታሰረ» የሚለውን እመርጣለሁ። በዛብህ በወላጆቹ ስለት ታሰረ። ሰብለ ወንጌል በአባቷ ዘር ቈጠራ ታሰረች። ገበሬውም በባላባቱ ግብርና መታያ ታሰረ። ከሦስቱ አንዱ ስንኳ ራሱን በገዛ ፈቃዱ ያሰረ የለም። ያሰረው ሌላ፥ የታሰረው ሌላ። የመጽሐፉ ወርቅ ይህ ነው።

የስለቱን ነገር በጥቂቱ ልመርምር። ሰው ስለ ራሱ ቢሳል በራሱ ገንዘብና በራሱ ሰውነት ላይ ተሳለ፤ መፈጸሙም የራሱ ዕዳ ነው። በሌላው ሰው አንገት ላይ የተሳለ ግን የማን ዕዳ ይሆናል? መጻሕፍትን ብንመረምር ሁለት ምሳሌ እናገኛለን። ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ቤት ሰጠች፤ ሳሙኤልም በመቅደስ አገለገለ። ነገር ግን ያው ሳሙኤል ልጆች እንደ ነበሩት መጽሐፍ ይነግረናል፤ የእናቱ ስለት ለአገልግሎት ሰጠው እንጂ ከትዳር አልከለከለውም። ሁለተኛው ምሳሌ ዮፍታሔ ነው። እርሱም ሳያስተውል ተሳለ፤ የስለቱንም ዋጋ የከፈለችው ምንም ያላወቀችው ልጁ ናት። የቦጋለና የውድነሽ አሳብ እንደ ሐና ነበረ፤ ፍጻሜው ግን እንደ ዮፍታሔ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ካህን ከመካኑ በፊት በሥርዐት እንዲያገባ ትፈቅዳለች፤ ምንኵስናም የፈቀደ ሰው በፈቃዱ የሚገባበት እንጂ ሌላው ሰው አንገቱ ላይ የሚጥልበት ቀንበር አይደለም። እንግዲህ በዛብህን ያሰረው የሃይማኖቱ ትእዛዝ ሳይሆን ሃይማኖት የሚመስለው ልማድ ነው። ደራሲው ይህን ልዩነት እንድንመረምር ስላደረጉን ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።

የገበሬውም ነገር እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬዎቹ ከልማዱ በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ እናነባለን። ይህ ሁሉ የደራሲ ፈጠራ ነው የሚል ሰው ቢኖር ቀጥሎ የሆነውን ያስታውስ። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1960 ዓ.ም.፥ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ላይ የተጣለውን አዲስ ግብር አልቀበልም ብሎ በሞጣ፥ በቢቸናና በዳሞት ተነሣ። ግብሩን ለማስከፈል ጦር ቢዘምትም በመጨረሻው አገረ ገዢው ከስፍራው ተነሡ፤ ግብሩም ሳይጸና ቀረ። ከዚያም ሰባት ዓመት ሳይሞላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ፥ ባላባትና ጭሰኛ የሚባለው ሥርዐት ፈረሰ። እንግዲህ መጽሐፉ ለሹማምንት የቀረበ ማስጠንቀቂያ ነበረ። ማስጠንቀቂያውን አንብበው ያለቀሱ ብዙዎች ነበሩ፤ አንብበው ሥራቸውን ያሻሻሉት ግን ጥቂቶች ይመስሉኛል። በልብ ወለድ ላለ ገበሬ ማልቀስ ቀላል ነው፤ በደጅ ቆሞ አቤት ለሚለው ገበሬ መፍረድ ግን ከወንበር መነሣትን ይጠይቃል።

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ገትቼ ወደ ክርክሩ አልፋለሁ። የመጀመሪያው ክርክሬ ስለ ጉዱ ካሣ ነው። ይህ ሰው የተማረ፥ አስተዋይና የአገሩን ሥርዐት ጉድለት የሚናገር ነው፤ ሕዝቡም ስላልገባው «ጉዱ» የሚል ስም አወጣለት። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አለ፤ ስሙም በየአገሩ እንዲሁ ነው። የሚናገረውም አብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ንግግሩ አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይረዝማል። ታሪኩ ራሱ በሥራ ያሳየውን ነገር ጉዱ ካሣ ደግሞ በቃል ይተረጕመዋል። በቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ለመምህሩ ከነገረ በኋላ ወርቁን ራሱ ሊተረጕም ቢነሣ፥ መምህሩ «ተወው፤ ቅኔው ካልተናገረ አንተ ብትናገር አይረዳውም፤ ከተናገረም ያንተ መናገር ትርፍ ነው» ይሉታል። በእነዚህ ስፍራዎች ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቁ በአደባባይ ወጥቶ ቆሟል። ደራሲው አንባቢውን ትንሽ የበለጠ ቢያምኑት ኖሮ መልካም ነበረ።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተባለው መጽሐፍ አወቀ የሚባል ወጣት በውጭ አገር ተምሮ ይመለስና ከዘመዶቹና ከካህናት ጋር እየተከራከረ ልማዱ ጥቂት በጥቂት እንዲሻሻል ይደክማል። ያ መጽሐፍ በውበት ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም፤ አወቀም እንደ ጉዱ ካሣ በልብ ላይ የሚቀር ሰው አይደለም። ነገር ግን አወቀ ሰዎችን ለማሳመን ይደክማል። ጉዱ ካሣ ግን እውነቱን ይናገራል እንጂ የሚሰማውን ሰው ለማብዛት ሲደክም እምብዛም አናየውም። እውነትን ተናግሮ ብቻውን መቅረት ንጽሕና ሊሆን ይችላል፤ ለታሰረው ሰው ግን ገመዱን አያላላለትም። ከሁሉ የበለጠ የሠራችው፥ ጉዱ ካሣም ያይደለ በዛብህም ያይደለ፥ ሰብለ ወንጌል ናት። እርስዋ ከተከበረ ቤት ወጥታ በእግሯ መንገድ ጀመረች። ወንዶቹ ሲናገሩና ሲሸሹ ሴቲቱ ሄደች። መጽሐፉን ለሌላ የሚያመሰግን ሰው ይህን ባይዘነጋው መልካም ነው።

ሁለተኛው ክርክሬ ስለ ካህናቱ ነው። በመጽሐፉ የሚታዩት የነፍስ አባቶች አብዛኛውን ጊዜ የባላባቱን ፈቃድ እያዩ የሚናገሩ ናቸው። እንዲህ ያሉ ካህናት አልነበሩም ብዬ አልከራከርም፤ ነበሩ፤ ነገሩን የሚክድ ሰው ቤተ ክርስቲያንን አልጠቀማትም። ነገር ግን የበዛብህን ስለት በሊቃውንት ጉባኤ ፊት አቅርቦ፥ አንዱ ሊቅ ይጸናል ሲል፥ ሌላው ሊቅ የሳሙኤልን ታሪክ ጠቅሶ ይፈታል ሲል የሚያከራክር አንድ ምዕራፍ ቢኖር ምንኛ በወደድሁ! የጎጃም ጉባኤ ቤት በአንድ ቃል ትርጓሜ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚከራከር ነው። በሰው ሕይወት ላይ ግን ሳይከራከር ዝም አለ ማለት ከባድ ነቀፋ ነው። ምናልባት ደራሲው ዝምታውን ያሳዩን አውቀው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ወቀሳው ለመጽሐፉ መሆኑ ይቀርና ለእኛ ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ክርክሬ ስለ ፍጻሜው ነው። ከላይ «ታሰረ» የሚለው ቃል የመጽሐፉ ማሰሪያ ነው ብያለሁ። ታዲያ የታሰረውን የፈታው ማን ነው? ካህኑ አልፈታም፤ አባት አልፈታም፤ ዳኛም አልፈታም። የፈታቸው መቃብር ብቻ ነው። ይህ አንባቢን ያስለቅሳል፤ ነገር ግን ልቅሶ ሲደጋገም ልብን የሚያደክምበት ጊዜ አለ። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ እንባውን ሲጠርግ «እንዲህ ያለው ፍቅር ከሞት በቀር ዕረፍት የለውም» ብሎ ቢፈርድ፥ ያሰሩት ሰዎች ሁሉ ከፍርድ አመለጡ ማለት ነው። ጥፋቱ የዕድል ሆነ እንጂ የሰው አልሆነም። እኔ ግን እላለሁ፤ በዛብህን የገደለው ዕድል አይደለም። አንድ የነፍስ አባት በጊዜው አንድ ቃል ቢናገር፥ አንድ አባት ከዘሩ ይልቅ ልጁን ቢመለከት፥ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበረ። ሞት የሚያምርበት መጽሐፍ ይህን እንዳያስረሳን መጠንቀቅ ይገባናል።

በዚህ ላይ ሁለት ወገኖች መልስ እንደሚሰጡኝ ዐውቃለሁ። አንዱ ወገን፥ ደራሲ ያለፈውን እንዳለ ያሳያል እንጂ መፍትሔ መስጠት ግዴታው አይደለም ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ፍጻሜውን ነቀፍሁት እንጂ ስሕተት ነው አላልሁም። መፍትሔውን መፈለግ የአንባቢው ሥራ ከሆነ ግን፥ አንባቢው በልቅሶው ብቻ መመስገኑ ይቅርና የፈለገውን ያሳይ። ሌላው ወገን፥ ይህ መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያንን ስለሚወቅስ የካህን ልጅ ባያነበው ይሻላል ይላል። ለዚህም መልሴ አጭር ነው። የሚወቅስህ ሰው በገዛ ጉባኤ ቤትህ የተማረ እንደ ሆነ፥ ዦሮህን መድፈን ሳይሆን መልስህን ማዘጋጀት ይገባሃል።

ዛሬ ፊታውራሪ መሸሻ የለም፤ ጭሰኛም የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻ ፈቃድ እንዲሆን፥ ዕድሜውም 18 ዓመት እንዲሞላ አዟል። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንዳይጸና ያስተማረው ከዘመናት በፊት ነው። የቤተ መንግሥቱም ሕግ የቤተ ክህነቱም ሕግ በዚህ ነገር ከተስማማ ምን ቀረ? የቀረው ልማዱ ነው። ዛሬም ገና ያልደረሰችውን ሴት ልጅ ለዝምድና ማጥበቂያ ቃል የሚገባላት አባት አለ። ዛሬም ልጁ የማይወደውን ሙያ «ለአንተ ብዬ ተስያለሁ» እያለ በአንገቱ የሚያስርበት ወላጅ አለ። ዛሬም የእገሌ ዘር ከእገሌ ዘር አይጋባም እየተባለ የሚፈርስ ትዳር አለ። እነዚህ ሁሉ በፍቅር ስም የሚታሰሩ ገመዶች ናቸው፤ ቦጋለና ውድነሽም ልጃቸውን ያሰሩት ከጥላቻ ሳይሆን ከፍቅር ነው። ጥላቻ ያሰረውን ሰው ያየ ሁሉ ይፈታዋል፤ ፍቅር ያሰረውን ግን ያየ ሁሉ ያመሰግነዋልና ለመፍታት ያስቸግራል።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ላላነበቡት ሁሉ፥ ይልቁንም ለሹማምንትና ለካህናት፥ እንዲያነቡት እመክራለሁ። እንዲያለቅሱበት ብቻ ግን አልመክርም። ለካህናት የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል፤ ለሹማምንትም እንደየማዕርጋቸው እንዲሁ። በልጁ አንገት ላይ የተሳለ ወላጅ ለንስሐ ሲመጣ፥ የነፍስ አባቱ በትዕግሥት «ልጄ፥ ስለትህን በራስህ ገንዘብና በራስህ ጾም ክፈለው፤ ልጁን ግን ፍታው» ይበለው። ያለ ፈቃዷ የተዳረች ልጅ አቤት ስትል፥ ሹሙ የሕጉን ቃል ከመደርደሪያው አውርዶ ይፈጽምላት። ይህ ከሆነ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መቃብር የብዙ ሕያዋን መፈቻ ይሆናል፤ ደራሲውም የደከሙበትን ዋጋ ያገኛሉ። የታሰረውን በሕይወቱ ሳለ ለመፍታት እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።